ውሃ መምጣቱን ቀድማ የምታውቅ ድመት አለችን። የእናንተስ ምን አመል አላት?

የኮዬዋ
ሰላም የመድረኩ ሰዎች። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ነጭ፣ ጥቁርና ቢጫ የተቀላቀለባት ድመት አለችን፤ ጉራማይሌ እንላታለን።

ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን። ፈረቃው ግን ወሬ ነው። ሲፈልግ ማክሰኞ ማታ፣ ሲፈልግ ሐሙስ ሌሊት 9 ሰዓት ከች ይላል። ድሮ ቧንቧውን ከፍተን ከስሩ ባልዲ ደቅነን ነበር የምንተኛው። ድምፁን የሰማ ይነሳል ብለን ነው። ማንም አይሰማም። ጠዋት ወይ መታጠቢያ ቤቱ ኩሬ ሆኖ እናገኘዋለን፣ ወይ ውሃው መጥቶ ሄዷል።

አሁን ያ ቀረ። ጉራማይሌ ትቀሰቅሰናለች። ከተኛችበት ድንገት አንድ ጆሮዋን ብቻ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ታዞራለች። ዓይኗ ገና አልተገለጠም። ቀጥሎ ሁለተኛው ጆሮ ይዞራል። ከዚያ ከአልጋው ዘላ ትወርድና የእጅ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ወጥታ የቧንቧው አፍ ላይ ታፈጣለች። ካልተነሳን መጮህ ነው። የምግብ ጩኸቷ አጭር ነው፤ ይሄኛው ረዘም ይላል፣ ወቀሳም አለበት። ተነስተን ስንደርስ ቧንቧው ደረቅ ነው። ትንሽ ቆይቶ ሽሽሽ ይላል፣ ይንተፋተፋል፣ ድፍርስ ውሃ ይተፋል፣ ከዚያ ይጠራል። የጠራውን መጀመሪያ የምትቀምሰው እሷ ናት። ጭንቅላቷን አዙራ ምላሷን ከጎን ትዘረጋለች። ጠጥታ ሳትጨርስ ጄሪካን ብትደቅኑ በጥፍሯ ትመታዋለች።

ብሎኩ በሙሉ ሰምቷል። የታችኛው ፎቅ ልጆች ማታ ማታ አንኳኩተው «ጉራማይሌ ጮኸች?» ይሉናል።

ጥያቄዬ፦ እንዴት ነው የምታውቀው? አማቴ «መንፈስ አለባት» ይላሉ። ስትጮህ ግን ባልዲ ይዘው ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው።

ባለ_ቦቢ
እህቴ፣ ጠምቷት ነው የጮኸችው። ለእናንተ አስባ እንዳይመስልሽ። ድመት ቤቱን እንጂ ሰውን አትወድም ሲባል አልሰማሽም?

የኮዬዋ
ለራሷም ትጩህ፤ በርሜሌ ሞልቷል። የአንተ ቦቢ ሌሊት የሚጮኸው ለምንድነው?

ባለ_ቦቢ
ሰካራም ሲያልፍ። እሱም ሥራ ነው።

ቢሾፍቱ_ተማሪ
የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነኝ። መንፈሱን ለአማትሽ ልተውና ስለ ጆሮዋ ልንገርሽ። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ሄርዝ ድረስ ይሰማል። የድመት ከ60,000 ያልፋል። አይጦች እርስ በርስ ሲጣሩ የሚያወጡትን ቀጭን ድምፅ እኛ አንሰማም፤ ድመት ትሰማዋለች። ሁለቱ ጆሮዎቿ ደግሞ ለየብቻ ይዞራሉ። አንዱን ቀድማ አዞረች ያልሽው ድምፁ ከየት እንደሚመጣ እየፈለገች ነው።

አሁን ቧንቧውን አስቢው። ውሃ ሲቋረጥ መስመሩ አየር ይሞላል። ውሃው ተመልሶ ሲመጣ ያንን አየር ከፊቱ እየገፋ ነው። አየሩ በቆጣሪውና በጠባቡ ቧንቧ ሲያልፍ ያፏጫል። እኛ ፉጨቱን የምንሰማው ውሃው ደጃፋችን ሲደርስ ነው። እሷ ገና ከምድር ቤት ሲነሳ ትሰማዋለች ብዬ እገምታለሁ። ከሳህን ውሃ ይልቅ የሚፈስ ውሃ መውደድ ደግሞ የብዙ ድመቶች አመል ነው።

በነገራችን ላይ ጉራማይሌ ሴት ናት አይደል?

የኮዬዋ
አዎ ሴት ናት። በምን አወቅክ?

ቢሾፍቱ_ተማሪ
በቀለሟ። ፀጉሩ ቢጫ ይሁን ጥቁር የሚለው ጂን ያለው ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት ሁለቱንም ቀለም ልትይዝ ትችላለች። ወንድ አንድ ብቻ ስላለው ወይ ይሄኛውን ወይ ያኛውን ነው። ሦስት ቀለም ያለው ወንድ አልፎ አልፎ ይወለዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን መካን ነው።

ሱሉልታ_ብርዱ
እኛ ጋ ነገሩ ውሃ ሳይሆን ወተት ነው። ላሞች አሉን። ድመታችን ቢጫ ወንድ ነው፣ ሻለቃ ይባላል። ንጋት ላይ እናቴ ልታልብ ስትወጣ በረቱ ጋ ቀድሟት ይደርሳል። ከላሟ የኋላ እግር አንድ ክንድ ያህል ርቆ ይቀመጣል። ከዚያ አይጠጋም፤ አንዴ ተረግጦ አይቶታል። እናቴ ጡቱን ወደ ጎን ጠምዘዝ አድርጋ ትረጭለታለች። እሱ የፊት እግሮቹን አንስቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ ባየር ላይ ይቀልበዋል። ግማሹ ጢሙ ላይ ይቀራል። ያንን በመዳፉ ጠርጎ ይልሳል፣ ደግሞ ይጠርጋል። ሲጠግብ ዞር ብሎም አያያት።

ማታ ደግሞ የሱሉልታን ብርድ ታውቁታላችሁ። እሳቱ ሲጠፋ ጠብቆ ምድጃው አመድ ውስጥ ይተኛል። ጠዋት አመድማ ሆኖ ይነሳና ቀጥ ብሎ አባቴ ነጭ ጋቢ ላይ። አባቴ «ዛሬስ ጆንያ ውስጥ ከትቼ ጫንጮ ነው የምጥለው!» ይላል። ይሄን ሲል ግን ጋቢውን ሳይጎትት፣ ሻለቃ በገዛ ፈቃዱ እስኪነሳ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ማዕረጉ ቀን ቀን ብቻ ነው የሚሠራው። ጅብ የጮኸ ዕለት የሚገኘው እናቴ ብርድ ልብስ ስር ነው።

ቢሾፍቱ_ተማሪ
ቀልዱን ላበላሽ አይደለም፣ ግን አብዛኞቹ ያደጉ ድመቶች ወተት አይስማማቸውም። የወተቱን ስኳር የሚፈጨው ነገር ጡት ከጣሉ በኋላ ሰውነታቸው ውስጥ ይቀንሳል። ተቅማጥ ያመጣባቸዋል።

ሱሉልታ_ብርዱ
ሻለቃ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጠጣው ነው የኖረው። ሆዱን ሲያመው አላየንም። አሁን ሄጄ «ተማሪው ከልክሎሃል» ልበለው?

ቢሾፍቱ_ተማሪ
አትበለው። የሚስማማውም አለ።

ወለቴ_ነኝ
የኛዋ ሚሚ ረቡዕና ዓርብ ቤት አትውልም። ቤታችን ጿሚ ነው፤ በነዚያ ቀናት ከሽሮና ከጎመን በቀር የሚሸት የለም። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቶቻችን ሙስሊም ናቸው። ሚሚ ጠዋት ወጥታ እዚያ ትውላለች፣ ማታ ለመኝታ ትመለሳለች። ሁዳዴ ሲገባ መመለሱም ይቀራል። 55 ቀን ሙሉ የነሱ ድመት ናት። በራችን ላይ ስታልፍ ብንጠራት ጅራቷን ብቻ ነቅነቅ አድርጋ ታልፋለች።

በ2017 ዓ.ም. ግን ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ። ጉድ ፈላ። እኛ ቤት ጾም፣ እነሱ ቤት ጾም። ሚሚ የጋራችን ደረጃ ላይ ተቀምጣ አንዴ ወደኛ በር፣ አንዴ ወደነሱ በር እያየች ስትጮህ ሰነበተች። በኋላ የመግሪብ አዛንን ለመደች። አዛኑ ሲጀምር ከየትም ቦታ፣ ከጣራ ላይም ቢሆን፣ እየሮጠች ትመጣለች። ቴምሩን አልፋ ሳምቡሳው ጋ ትቆማለች። አንድ ይሰጧታል። በጥርሷ ቀድዳ ሥጋውን ከውስጡ ለቅማ ሊጡን ምንጣፉ ላይ ትተዋለች። እናቴ ይሄን ሰምታ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» አለች።

ባለ_ቦቢ
ምን አጠፋች? ጾም አላፈረሰችም፤ አድራሻ ነው የቀየረችው።

ወለቴ_ነኝ
ባለ ውሻው ለድመት ጥብቅና ቆመ! ይመዝገብልኝ።

ቢሾፍቱ_ተማሪ
ሳምቡሳው ላይ ልግባ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለድመት መርዝ ነው። ቀይ የደም ሕዋሷን ያፈርሰዋል። የኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ስለዚህ «የተረፈ ወጥ ለድመቷ» የሚባለውን ልማድ ብትተዉት ጥሩ ነው። ሥጋ ከሆነ ሳይቀመም ለብቻው ቀቅላችሁ ስጧት። ከሁሉ የሚብሰው ፓራሲታሞል ነው። አንድ ፍሬ ሊገድላት ይችላል። አሟታል ብላችሁ ከራሳችሁ መድኃኒት ቆርሳችሁ እንዳትሰጡ።

ሰሚት_ማዶ
የኛዋ ኬክ ትወዳለች፣ ምን ትላለህ? በልጄ ልደት ሻማው ሳይበራ ክሬሙን በአንድ በኩል ላጭታ ጠበቀችን።

ቢሾፍቱ_ተማሪ
ስቡን ፈልጋ ነው። ጣፋጩን አታውቀውም። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው ድመቶች ጣፋጭ የሚለየው ጂናቸው የተበላሸ ነው። ስኳር ምላሷ ላይ ምንም አይላትም።

ሰሚት_ማዶ
ምስኪን። ስምንት መቶ ብር ኬክ በልታ አልጣፈጣትም ማለት ነው?

ቱሉ_ዲምቱ_ጫፍ
ቤታችን የመጨረሻው ነው፣ ከኛ ወዲያ እርሻ ነው። ጤፉ ታጭዶ ሲነሳ አይጡ በሙሉ ወደኛ ይሰደዳል። ያኔ ድመታችን ቡሽካ ወር ሙሉ ዓመት በዓል ነው። ችግሩ አትበላውም። ገድላ ታመጣዋለች፤ ማስቀመጫዋ ደግሞ አንድ ነው፣ የአማቴ ነጠላ ጫማ። የኔም አለ፣ የባለቤቴም አለ፣ የልጆቹም ተደርድሯል። እሷ የአማቴን ትመርጣለች። ግራውን። አማቴ አሁን ጫማቸውን ሳያራግፉ እግራቸውን አያስገቡም፤ እንግድነት ሲሄዱም ያራግፋሉ። «ምን አድርጌያት ነው?» ብለው ይጠይቁኛል። ወዳዎት ነው እላለሁ። አላመኑኝም።

ሲመሽ ደግሞ ወጥታ እግራቸው ላይ ጋቢያቸውን በሁለት መዳፏ እየረገጠች ኩርርር ትላለች። ልጆቹ «ሊጥ ልታቦካ ነው» ይላሉ። ለምንድነው ግን ይሄ ነገር?

ቢሾፍቱ_ተማሪ
ከሕፃንነቷ የቀረ ነው። የድመት ልጆች ሲጠቡ ወተቱ እንዲወርድ የእናታቸውን ጡት በመዳፋቸው ይጫኑታል። ካደጉም በኋላ ለስላሳ ነገር ላይ ተመችቷቸው ሲቀመጡ ያደርጉታል። አማትሽን አትጠላቸውም ማለት ነው።

የአይጡ ነገር ግን አንድ ስጋት አለው። ሰፈሩ ውስጥ የአይጥ መርዝ የሚያደርግ ሰው አለ?

ቱሉ_ዲምቱ_ጫፍ
አለ እንጂ። አጥር ለአጥር የምንዋሰናቸው ሰዎች እህል ቤታቸው ውስጥ ያደርጋሉ።

ቢሾፍቱ_ተማሪ
እንግዲያው አናግሪያቸው። መርዙን የበላ አይጥ ወዲያው አይሞትም። ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርገው ዓይነት ከሆነ ቀናት ይፈጃል። በዚያ መሃል ደንዝዞ ሲንቀሳቀስ ለድመት ቀላል አደን ነው። እሱን ከበላች መርዙ ወደሷ ያልፋል። ድዷ ነጭ ከሆነ፣ ካፍንጫዋ ወይም ከሽንቷ ጋር ደም ካያችሁ፣ አታሳድሯት። ለዚያኛው ዓይነት መርዝ መድኃኒቱ ቫይታሚን ኬ 1 ነው፤ በጊዜ ከደረሰች ትተርፋለች።

አዲስ_ሙሽራ
ይቅርታ ጨዋታውን ላቋርጥ። የካ አባዶ ነኝ፣ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር። እናቴ «ድመቷን አስወጪ፣ ልጁን ትጎዳብሻለች» ብላ አላስቀምጠኝ አለች። ባለቤቴ እንኳ መወላወል ጀምሯል። እውነት ነው?

ባለ_ቦቢ
እናትሽን ስሚ።

ቢሾፍቱ_ተማሪ
እናትሽ ያለ ነገር አላሰቡም፤ ማስወጣት ግን አያስፈልግም። የሚፈራው ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ነው። ድመት በአይጥ ወይም በጥሬ ሥጋ ይይዛትና በዓይነ ምድሯ ታወጣዋለች። ከወጣ በኋላ ሰው ለመያዝ ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ የምትጸዳዳበት አሸዋ በየቀኑ ከተጠረገ አደጋው በጣም ይቀንሳል። የሚጠርገው ግን አንቺ አይደለሽም፤ ባለቤትሽ ነው። መወላወሉን ትቶ አካፋውን ያንሳ። አንቺ የግድ ከሆነብሽ ጓንት አድርጊ፣ ከዚያ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላ ነገር አለ። ይሄው ጥገኛ በጥሬ ሥጋና በደንብ ባልታጠበ ሰላጣም ይመጣል። ድመቷን አስወጥቶ እሑድ ጥሬ ሥጋ መቁረጥ ምንም አልፈየደም። ክትፎም ለብ ለብ ሳይሆን በደንብ በስሎ ይሁንልሽ። ለክትትል ስትሄጂም ለሐኪምሽ ንገሪ፤ የደም ምርመራ አለው።

አዲስ_ሙሽራ
ተባረክ። ለእናቴ አነበብኩላት። «ክትፎውን እንኳ እኔ አብስልልሻለሁ» ብላለች። ስለ ድመቷ ዝም አለች፤ ከሷ ይሄ ፈቃድ ነው።

የኮዬዋ
እንኳን ማርያም ማረችሽ የምንልበት ቀን ያድርሰን።

ገላን_ጉራ
ባለ ቦቢ ድመት ቤቱን እንጂ ሰውን አትወድም ላልከው መልስ አለኝ። ከፒያሳ ነው ወደ ገላን ጉራ የተዛወርነው። ድመታችን አሮጊት ናት፤ እዚያ ግቢ ውስጥ ነው የተወለደችው። ዕቃው ሲጫን ምድጃ ስር ገብታ አልወጣ አለች። በመጨረሻ በካርቶን ከተን መኪናው ፊት ወንበር ላይ፣ አያቴ እቅፍ ላይ አስቀመጥናት። እስክንደርስ ጮኸች።

አዲሱ ቤት ስንገባ አንድ ክፍል ውስጥ ዘጋንባት። ሰው የመከረን ነው፦ ሽታው እስኪለመዳት ወደ ውጭ እንዳትለቋት ብሎ። መስኮቱ ስር ቁጭ ብላ ትውላለች። አልበላም አለች። አያቴም አልበላም ብላ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ሁለቱም ፒያሳን ነው የሚጠብቁት።

አያቴ አንድ ቀን ተነሳችና ቡና አፈላች። ቄጠማ አልነበረም፤ ከሜዳው ሳር አጭዳ ጎዘጎዘች። ድመቷ ሳሩን አሸተተች። ሄደችና መሃሉ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተንከባለለች። ፈንዲሻው ሲበተን አንዷን ፍሬ በመዳፏ መታ አድርጋ ረከቦቱ ስር አሳደደቻት፤ ረከቦቱ ስር እጇን ሰዳ ስትጎረጉር ሲኒዎቹ ተንቀጫቀጩ። አያቴ «ተይ! ሲኒዬን!» ብላ ጮኸችባት። እዚያ ቤት ከገባን አያቴ እንዲህ ድምፅ አውጥታ ስትናገር የሰማነው ያኔ ነው። ማታ ሁለቱም በሉ።

አሁን ቀኑን የምትውለው ሪሲቨሩ ላይ ነው፣ ይሞቃታል። ጅራቷ ቲቪው ላይ ይንጠለጠልና ዜና አንባቢውን ለሁለት ይከፍለዋል። ማንም አያነሳላትም።

ባለ_ቦቢ
እሺ። የአያትሽን ድመት ተቀብያለሁ። ሌሎቹን አልተቀበልኩም።

ቢሾፍቱ_ተማሪ
ሌሎቹን ለመቀበል አንድ ነገር ሞክር። ድመት ስታይህ ዓይንህን ቀስ ብለህ ጨፍነህ ግለጥላት። በ2020 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይሄን ፈትነው ነበር። እንዲህ ሲደረግላቸው ድመቶቹ ራሳቸውም ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ፣ ለማያውቁት ሰውም ይቀርባሉ።

ባለ_ቦቢ
ሱቁ በር ላይ ለምትቀመጠው አደረግኩላት። ባለ ሱቁ «እንቅልፍህ መጥቷል እንዴ?» አለኝ። ድመቷ ተነስታ ሄደች።

ሱሉልታ_ብርዱ
ለቦቢ እንኳ እንዲህ አልተሽኮረመምክም 😂

ካነሳችሁ አይቀር፣ የሻለቃ ሥራ የሆኑ ሦስት የድመት ልጆች ጎረቤታችን ጋ አሉ። ጡት ጥለዋል፣ ይበላሉ። እናታቸው አይጥ ላይ ቀልድ አታውቅም። የሚወስድ ካለ በነጻ።

ሰሚት_ማዶ
አንዱ የኔ። ኬክ የማይወድ ካለ።

ወለቴ_ነኝ
ለጎረቤቶቻችን አንድ እፈልጋለሁ። ሚሚ ሁልጊዜ ተመላላሽ ሆነችባቸው፤ የራሳቸው ትኑራቸው።

ቢሾፍቱ_ተማሪ
የምትወስዱ ሰዎች ሦስት ወር ሲሞላቸው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቧቸው። ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትም ይይዘዋል፣ ሰውም ላይ ያስተላልፋል። ያልተከተበች ድመት ከነከሰቻችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ሴቷን ደግሞ ካልፈለጋችሁ በቀር አስመክኗት፤ እርግዝናዋ ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነው፣ ሳታስቡት ቤቱ ይሞላል።

የኮዬዋ
15 ደቂቃ በውሃ? ኮዬ ላይ? እኛ እንግዲህ መነከስ ያለብን በፈረቃችን ቀን ነው።

ሱሉልታ_ብርዱ
ሰሚትና ወለቴ፣ በውስጥ መስመር አድራሻ ላኩልኝ። ቅዳሜ ወተት ይዘን ወደ ከተማ ስንወርድ እናደርሳለን። ካርቶን ከእናንተ፤ ክዳኑ የሚዘጋ፣ ጎኑ የተበሳ ይሁን። ሦስተኛው ቢጫ ወንድ ነው፣ እሱን አባቴ ይዞታል። ማንም እንዳይነካው ብሏል።